ለየትኛው በዓል ነው?

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተሰብስቦ ጾሙን ሲፈታ፣ እኔ ማዳበሪያ ጆንያ ይዤ እወጣለሁ። ሰፈራችን ፒያሳ ጀርባ ነው፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። መንገዱ ጭር ብሏል። ከየግቢው የቅቤና የቁሌት ሽታ ይወጣል። በየአጥሩ ጥግ ደግሞ ተጠቅልሎ የተጣለ የበግ ቆዳ አለ።

እኔ የወጣሁት ለእሱ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቆዳ መንገድ ላይ ወድቆ ማየት የማይታሰብ ነበር። በጉ ተገፎ ሳያልቅ "ቆዳ አለ! የበግ ቆዳ ያለው!" የሚል ድምፅ በር ላይ ይሰማል። እናቴ እጇን እየጠራረገች ትወጣለች። ነጋዴው ቆዳውን ገልብጦ ያያል፣ "ቢላ ነክቶታል" ይላል፣ ዋጋ ያወርዳል። እናቴ ዞር ብላ የገፈፈውን አጎቴን በዓይኗ ትቆጣዋለች። ያም ሆኖ ከቆዳው የቡናና የስኳር ይወጣ ነበር። አሁን ዋጋው ወርዶ ወርዶ "ውሰድና ገላግለኝ" ላይ ደርሷል።

አንድ ዓመት አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው ብዙ ሲያዩኝ ቆዩ።

"ቆዳ ነጋዴ ነህ ልጄ?"

"አይ እማማ፣ ጸጉሩን ነው የምፈልገው።"

"ጸጉሩን ምን ልታደርገው?"

"ልፈትለው።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው "አንቺ ልጅ፣ እንግዳ አለ፣ እንጀራ አቅርቢ" አሉ። የቸገረው ሰው መስያቸዋለሁ። ወይም ጤና ያጣ። እምቢ ለማለት ሞከርኩ፤ በፋሲካ እምቢ አይባልም። ገብቼ በላሁ። ዶሮው ግሩም ነበር። ስወጣ ልጃቸው ቆዳውን አምጥታ ጆንያዬ ውስጥ ከተተችልኝ፤ እሳቸው ደግሞ መረቁኝ።

ቆዳ ከተገኘ በኋላ መፍጠን ነው። ያን ዕለቱን በመቀስ መሸለት አለበት። ካደረ ጸጉሩ በራሱ እየተነቀለ ይመጣል። ቀለለልኝ ብሎ መደሰት ስህተት ነው፤ ሥሩ ላይ የበሰበሰ ቆዳ ይዞ ይመጣል፣ ሽታው ደግሞ በሦስት ውኃ አይለቅም። ይህን ያወቅኩት ባለቤቴ ለሁለት ቀን ካላናገረችኝ በኋላ ነው።

ደግሞ ሁሉም በግ አይፈተልም። ከቆላ የመጣው ጸጉሩ አጭርና ልስልስ ያለ ነው፤ ከፍየል ብዙ አይለይም። የደጋው ግን ጣትህን ስትሰድበት ይውጥሃል። ከአሥር ቆዳ ሁለቱ ለእኔ የሚሆን ከሆነ ጥሩ በዓል ነው እላለሁ።

*

"ሱፍ እፈትላለሁ" ስል ግማሹ ሰው የሱፍ ፍትፍት ትዝ ይለዋል፤ የጾም። ሌላው ደግሞ የሙሽራ ሙሉ ልብስ። የበጉ ሱፍ ትዝ የሚላቸው በሦስተኛ ደረጃ ነው፤ እሱም እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ካስረዳሁ በኋላ። ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ከበግ ጋር ዝምድና እንዳለው የሚያውቅ ጥቂት ነው። (አሁን አሁን ልብሱ ፖሊስተር ስለሆነ ዝምድናውም ተቋርጧል።)

እኔ ጋ ግን ሱፍ ማለት መጀመሪያ ሽታ ነው። የእምዬ ባና ሽታ።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። የመንዝ ሰው ናት። መንዝ ብርድ ነው፤ ብዙው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እዚያ ከፍታ ላይ ጥጥ አይበቅልም። በግ ግን አለ። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ላት ያላት፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ በግ። ስለዚህ የመንዝ ሰው ብርዱን የሚመክተው በበጉ ነው። ባና የሚባለው ብርድ ልብስ ከእሷ ይሠራል። ሽማግሌ የሚደርበው ጥቁር በርኖስም ከእሷ ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል።

እምዬ አዲስ አበባ ስትገባ ይዛው የመጣችው ባና እኛ ቤት አልጋ ላይ ኖሮ ኖሮ አረጀ። ጥቁር ቡናማ ነው። ቀለም የሚባል አልነካውም፤ የበጎቹ መልክ ነው። ከበድ ይላል። ሦስት ልጆች ከሥሩ ገብተን አንዳችንም መገላበጥ አንችልም ነበር። ይበላል ደግሞ። አንገትህ ጋ ከደረሰ ሌሊቱን ስታክ ታድራለህ። ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል። አሁንም ሐምሌ ላይ በቆርቆሮው ዝናብ ሲወርድ አፍንጫዬ የሚፈልገው እሱን ነው።

እምዬ የምትፈትለው ማታ ማታ ነው። እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች፣ ትለቀዋለች፣ አየር ላይ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ግራ እጇ አመልማሎውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። ዓይኗ እዚያ አይደለም፤ እኛ ላይ ነው። ወሬዋ አይቋረጥም፣ ፈትሏም አይቋረጥም። እመቤታችን ገብርኤል ሲያበስራት ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደነበር የነገረችን በዚያ ሰዓት ነው። "ሥራ ፈት ብትሆን ኖሮ መልአኩም አይመጣባት" ትል ነበር። ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ስብከት ላይ ሰምቼው አላውቅም።

የጌዴዎንንም ታሪክ የሰማሁት ከእሷ ነው። ጌዴዎን የተባዘተ የበግ ጠጉር አውድማ ላይ አኑሮ ምልክት ጠየቀ። በመጀመሪያው ሌሊት ጠጉሩ ብቻ በጤዛ ረጠበ፣ መሬቱ ደረቅ ሆነ። በሁለተኛው ሌሊት መሬቱ ረጠበ፣ ጠጉሩ ደረቅ ሆነ። እኛ ልጆቹ በመጀመሪያው ሌሊት ነው የምንደነቀው። ጨምቆት ጽዋ ሙሉ ውኃ ወጣው ስትል አፋችን ይከፈታል። እምዬ ግን "እሱማ ምን ይገርማል፤ ሱፍ ነዋ" ትላለች። ለእሷ ተአምሩ ሁለተኛው ነው። መሬት ሙሉ ጤዛ ወርዶ ሱፍ ደርቆ ማደሩ።

ኋላ ላይ ሳነብ ገባኝ። ሱፍ የራሱን ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት ከአየር ጠጥቶ፣ ሲነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ጥጥ ይህን አይችልም። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ታሪኩን የሰማችው በጣቷ ነው።

*

"ወንድ ልጅ እንዝርት ከነካ ጺም አያበቅልም" እያለች ታባርረኝ ነበር። ሥራው የሴት ነው፤ አለቀ። ታዲያ ዕድሜዋ ገፍቶ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክሩ ይበጠስባታል። ትቀጥለዋለች፤ ይበጠስባታል። እኔ ያኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ማታ ዝም ብላ ቆየችና እንዝርቱን ወደ እኔ ዘረጋችው። "በል እንካ። ጺሙንስ አብቅለሃል።"

የመጀመሪያው ፈትሌ አንድ ቦታ ጣት ያህል ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል፣ መሃል ላይ አባጨጓሬ የመሰለ እብጠት አለው። አገላብጣ አየችው። "ይሄ ለቡሄ ጅራፍ ይሆናል" አለች።

ቀስ እያልኩ ያዝኩት። ከእሷ የተማርኩት ዋናው ነገር እንዝርቱን አለማሳደድ ነው። ጥጥ ሲሆን ፈጠን፣ ሱፍ ሲሆን ረጋ። ምክንያቱም የጥጥ ፋይበር አጭር ነው፤ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብዙ ካልተጠመዘዘ ተለያይቶ ይወድቃል። የበግ ጸጉር ረጅም ነው፤ ላዩም በጣም ጥቃቅን ቅርፊት አለው፣ እንደ ዓሣ። አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ትንሽ ጥምዘዛ ይበቃዋል። ብዙ ካከረርከው ይኮማተራል፣ ራሱ ላይ ይጠቀለላል፣ ሲሸመንም እንደ ሽቦ ይሆናል።

የጠባችን ቋንቋ ግማሹ ከእንዝርት የመጣ መሆኑን ያስተዋልኩትም ያኔ ነው። ነገር ይከራል። ሲከር ይበጠሳል። ውሉ ይጠፋል። ድሮ እነዚህን ቃላት ስናገር እጄ ምንም አይሰማውም ነበር። አሁን ስብሰባ ላይ አንዱ "ነገሩን አታክርረው" ሲል ጣቶቼ ሳላዝዛቸው ላላ ይላሉ።

እምዬ ካረፈች በኋላ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ልቃቂት አገኘን። የመጨረሻ ፈትሏ ነው። ጫፉን ፈለግኩ፤ የለም። "ውሉ የጠፋ ልቃቂት" ሲባል አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ማታ ዙሪያውን በመርፌ ጫፍ እየነካካሁ ፈለግኩት። እህቴ "ቆርጠህ ጀምረው በቃ" አለችኝ። እንዴት ይቆረጣል? በአራተኛው ማታ አገኘሁት። ወደ ውስጥ ሸጉጣው ኖሯል። እንዳይፈታ።

*

ስለ አጠባው ትንሽ ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነውና። እኔም ጭምር።

እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሱፍ የሚታጠብበትን ቀን የምመርጠው እኔ አይደለሁም። ውኃው ሌሊት 9 ሰዓት ከመጣ ሌሊት 9 ሰዓት ይታጠባል። ሁለት ሳፋ፣ አንድ ትልቅ ድስት፣ ላርጎ። የበግ ጸጉር ላይ ቅባት አለ፤ ዝናቡን የሚመልስላት እሱ ነው። ይሄ ቅባት የሚቀልጠው 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ቀኑን ሙሉ ብትዘፈዝፈው አፈሩ ይወጣል እንጂ ቅባቱ አይነቃነቅም። ስለዚህ እጅ የሚያቃጥል ውኃ ያስፈልጋል፣ ሳሙናም። ከዚያ ዝም ብሎ መተው። መተው ነው ከባዱ።

በመጀመሪያው ጊዜ አልተውኩትም። እንደ ካልሲ አሸሁት፣ ጨመቅሁት፣ ከሙቅ አውጥቼ ቀዝቃዛ ውስጥ ነከርኩት። እነዚያ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተቆላለፉ። የሁለት በዓል ልፋቴ ተጣብቆ አንድ ድርቅ ያለ ቁራጭ ሆነ። እንደ ባርኔጣ። ያ ደግሞ አንዴ ከተቆላለፈ አይፈታም፤ የትኛውም ሚዶ አይገባበትም። ጎረቤታችን አይታው "ቆንጆ የጀበና ማስቀመጫ ይወጣዋል" አለች። ወሰደችው። እስካሁን ጀበናዋ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ቡና ስትጠራኝ ሁሌ ዓይኔ እዚያ ያርፋል።

የታጠበው ሱፍ ከደረቀ በኋላ ይባዘታል። የእምዬ ደጋን ነበረን። ጅማቱን ስትመታው ድም ድም ይላል፣ ሱፉ እንደ ደመና ብን እያለ ይነሳል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ከወዲያ የሚኖሩት ባልና ሚስት የሕፃን ልጅ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ደጋኑን ሰቅዬ ሁለት የውሻ ብሩሽ ገዛሁ። ሱፉን በአንዱ ይዤ በሌላው አበጥረዋለሁ። ከዚያ ጠቅለል አድርጌ አመልማሎ አወጣለሁ። ከግቢው ልጆች አንዱ ለሳምንት ያህል ውሻው የት እንዳለ ጠየቀኝ።

አንድ ጥቅም ግን አልክድም። በዚያ ሰሞን እጄ ይለሰልሳል። የቀረው ቅባት ነው። መሥሪያ ቤት የምትቀመጠው ባልደረባዬ ምን እንደምቀባ ጠይቃኝ ነበር። "በግ" አልኳት።

*

ከሞተ በግ ብቻ መሰብሰብ እያደር ቅር አለኝ። ከቆዳ የተሸለተ ሱፍ የማን እንደሆነ አታውቅም። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሻካራ። አትክልት ተራ ገና ፒያሳ በነበረበት ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል ከመጡት ሁለት እንስት በጎች ገዛሁ። አንዷ አመድማ ስለነበረች ዳለቻ አልኳት። ሌላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ ቦቃ። ጓሮው ላይ በቆርቆሮ ጥግ ሠራሁላቸው። ቀለቡ ቀላል ነበር። ማታ ማታ ከአትክልት ተራ የጎመን ቅጠል በጆንያ ይመጣል፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ ከጠላ ሻጯ ጎረቤታችን አተላ።

መከራው ጥያቄው ነው።

"ለየትኛው በዓል ነው?"

ግቢው የገባ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ጠየቀ። ዕድር የሚሰበስቡት አባት ጠየቁ። "ለበዓል አይደሉም" ስል "እንስት ስለሆኑ ነው፣ አዎ፣ ለበዓል ወንዱ ነው" ይሉና ነገሩን ራሳቸው ያስተካክሉታል። "ሊወልዱ ነው? ልትሸጥ ነው?" "ጸጉራቸውን ልሸልት ነው።" ከዚያ ዝምታ። ገና ሲያልፍ ጥምቀት ይሉኛል፣ ጥምቀት ሲያልፍ ፋሲካ። አንድ ዓመት ሙሉ በጎቹ የሞት ቀጠሯቸው እየተላለፈላቸው ኖሩ።

ይህን ጊዜ ነው አንድ ነገር የታየኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ስንት በግ በጓሯችን አልፏል። አንዱንም ከሦስት ቀን በላይ አላውቀውም። ዓርብ ይመጣል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ እሑድ ያልቃል። በግ ክረምት ላይ ጸጉሯ እንዴት እንደሚረዝም፣ ብርድ ስትፈራ የት እንደምትተኛ፣ ማንን እንደምትጠላ የት ልወቀው? ዳለቻ ፌስታል ትጠላለች። የሚንኮሻኮሽ ፌስታል ከሰማች ጥግ ትገባለች። ቦቃ ደግሞ ከኋላ መጥታ የጃኬትህን ጫፍ ታኝካለች፣ ሱፍ ከሆነ በተለይ። ይህን ለማወቅ ዓመት ያስፈልጋል። የሚሸለት በግ ዓመት ይኖራል። ለእኔ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው፤ ሥጋ እበላለሁ፣ ጻድቅ አይደለሁም።

የመጀመሪያው ሸለታ ግን ጉድ አፈላ። መሸለት ያለበት ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ዋናው ዝናብ ሳይመጣ ነው። የካቲት መጨረሻ፣ መጋቢት። ያ ማለት ሁዳዴ ማለት ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም። ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ሰፊ መቀስ ተውሼ፣ ዳለቻን እግሯን አስሬ ጣልኳት። መጽሐፉ በግ በሸላቹ ፊት ዝም ይላል ይላል። ዳለቻ መጽሐፉን አላነበበችም። የጮኸችው ጩኸት ራስ መኮንን ድልድይ ሳይሰማ አይቀርም። አጥሩ ላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ።

"አንተ! በሁዳዴ!"

"እየሸለትኩ ነው እማማ!"

"በስመ አብ! አሁንስ አበዛኸው!"

መቀሱን አንስቼ አሳየሁ፤ ባሰ። በመጨረሻ ዳለቻን ፈትቼ ለቀቅኳት። ግማሽ ጎኗ ተላጭቶ፣ ግማሹ ተንጨፍርሮ፣ እየተንገዳገደች በግቢው መሃል ሮጠች። ሳቁ እስከ ማታ አላቆመም። የቀረውን ጎን በማግስቱ ሸለትኩት፤ እማማ ራሳቸው መጥተው ጭንቅላቷን ያዙልኝ። ቀረብ ብለው ሲያዩት እጃቸው ሱፉ ላይ ቆየ። "እናቴም ትፈትል ነበር" አሉ። "ጥጥ ነው እንጂ።"

ከሁለቱም ጎን የወጣው፣ ሳይታጠብ፣ ኪሎ አልሞላም። ታጥቦ ሲደርቅ ደግሞ ቀነሰ። የእምዬ ባና ስንት በግ፣ ስንት ማታ እንደበላ ያኔ ነው የገባኝ። እኛ እኮ አልጋ ላይ ስንዘል ነው ያደግነው።

*

በጎቹ ከተማ ውስጥ ብዙ አልቆዩም። ከአንድ ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። ግቢ ውስጥ ከብት ማርባት አይቻልም አሉ። "ከብት አይደሉም፣ ሁለት በጎች ናቸው" አልኩ። "ወረቀቱ እንስሳት ነው የሚለው" አሉ። ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ክረምት ላይ ጓሮው ይሸት ነበር፤ ባለሕፃኖቹ ጎረቤቶቼም ብዙ ችለውኛል። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። በአይሱዙ ጭኜ ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ ወደሚኖረው የአክስቴ ልጅ ወሰድኳቸው። ግልገሉን እኩል ልንካፈል፣ ሱፉ የእኔ ሊሆን ተስማማን። በሱፉ ላይ ሲስማማ ሳቀ። የሳቀው ለምን እንደሆነ ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ። እኛ ያለንበት ጥግ ተረፈ፤ ከእኛ ወዲያ ያለው ግን ሄደ። ያቺ በፋሲካ ያበሉኝ እናት ቤትም ሄዷል። የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አሁን በፋሲካ ረፋድ ጆንያዬን ይዤ የምዞርበት መንገድ አጭር ሆኗል፤ አስፋልቱ ሰፊ፣ መብራቱ ቆንጆ፣ የአጥር ጥግ ግን የለውም።

*

ፈትል ሲጠራቀም ሸማኔ ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ልቃቂት ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የማውቃቸው አንድ ሸማኔ አሉ፤ ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው የመጡ ናቸው። ልቃቂቱን ተቀብለው ክሩን ወጠሩት፣ ላላ አደረጉት፣ አሸተቱት።

"ይሄ እኮ ጸጉር ነው።"

"ነው ጋሼ።"

"በዚህ የሚሠራ እዚህ የለም።"

ጥጥ ሲወጠር እንደተወጠረ ይቆያል። ሱፍ ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። ድር አድርገው ቢወጥሩት ሠርተው ሲያወርዱት ሸማው ያጥራል፤ መንዞቹ ይህን ያውቁበታል፣ እሳቸው አያውቁበትም። ያውም ሻካራው ክር እርስ በርሱ እየተያያዘ አላሳልፍ ይላል። ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን እየጠጣን "ድሩን ጥጥ ላድርገው፣ ማጉን ያንተን" አሉ። እምዬ ብትሰማ ባና አትለውም። እኔ ግን እሺ አልኩ።

እየሠሩ አጫወቱኝ። ልጅ ሆነው አባታቸውን "ቁጢት በጣሽ" ብለው ሲሰድቧቸው ሰምተዋል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያን ነገርኳቸው። መወርወሪያውን ሳያቆሙ "ለሰፈራችን ሰው አልደረሰውም መሰለኝ" አሉ።

ለእኔም ሰፈር አልደረሰም። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንዝርት ሳወጣ የሚደርስብኝን ባያችሁ። ወጣቶቹ ስልክ አውጥተው ይቀርጹኛል። ጎልማሶቹ ወንዶች ያፍሩልኛል፤ ዞር ይላሉ። አንዱ ጠጋ ብሎ "ወንድሜ፣ ሰላም ነህ?" ብሎኛል፣ ከልቡ። የማይደንቃቸው አሮጊቶቹ ብቻ ናቸው። እነሱ የሚያዩት ፈትሉን ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከኋላዬ የቆሙ እናት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና "አጥብቀኸዋል" አሉኝ።

"እ?"

"አከረርከው። አምጣ።"

እንዝርቱን ተቀበሉ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። ጭን ላይ አንዴ አሾሩት፣ ለቀቁት። ክሩ ከአመልማሎው እንደ ጢስ ወጣ፤ እኩል፣ ቀጭን። እኔ ሃያ ዓመት ፈትዬ እንደዚያ ያለ አውጥቼ አላውቅም። ሰልፉ ሄደ፤ አብረን ሄድን። ተራችን ደረሰ። ረዳቱ "እማማ ይግቡ!" ይላል፤ እሳቸው "ቆይ አንዴ" ይላሉ። ሌላ ሰው ገባ። ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ሁለታችንም ለቀጣዩ ቆምን።

ያቺን አንድ ክንድ የምታህል ክር ለብቻዋ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ። ከእኔው ጋር አልቀላቅላትም።

*

ከሽሮ ሜዳው ሸማኔ የመጣው ጨርቅ አሁን ሶፋችን ላይ ነው። ባለቤቴ ይበላል ትላለች፤ ትደርበዋለች ግን። ቀለሙ አመድማ ነው፣ የዳለቻ፤ ዳር ላይ ግን ከየቆዳው የሰበሰብኩት ጥቁር ገብቶበታል። መጠኑ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ እግሩን ካጠፈ።

ፈትል ሌላ ይፈልጋል። የመጨረሻውን ጆንያ ጨርሼ እጄ ባዶ ሆኖ በተቀመጥኩበት ሰሞን የአክስቴ ልጅ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ዳለቻ አርጅታለች፣ ቦቃ ደህና ናት አለ። ከቦቃ የተወለደው ወንድ አድጓል፤ ጥቁር ነው፣ ወፍሯል፣ ነጋዴ አይቶት ጥሩ ገንዘብ ጠርቷል።

"በዓል ደርሷል" አለኝ። "አሁን ካልሸጥነው ዋጋው ይወርዳል። ምን ላድርግ?"

ጥቁር ሱፍ። የእምዬ ባና ቀለም። ትንሽ ዝም አልኩ።

"ሃሎ? አለህ?"

"አለሁ። ሽጠው" አልኩት። "መጀመሪያ ግን ሸልተው።"

በሳምንቱ ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ጆንያ አወረድኩ። በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። የአውቶቡሱ ረዳት አንስቶ ሲያቀብለኝ ቀሎት ገረመውና ጆንያውን ጠጋ ብሎ አሸተተው።

"ምንድነው? በግ ነው እንዴ?"